ለአንድ አልጋ ከቢቸና እስከ ሰበታ

ቢቸና ተቀምጣችሁ የሸዋን መንገድ በወሬ ብቻ ለምታውቁ ዘመዶቼና ወዳጆቼ ይህን መጻፌ፣ ከተመለስኩ ጀምሮ በየቤቱ እየተጠራሁ አንዱን ነገር ደጋግሜ በማውራት ጉሮሮዬ ስለ ደረቀ ነው። አንዱ ቤት የጀመርኩትን ሌላው ቤት ስጨርስ፣ መካከሉን ያልሰማ ሰው የሺመቤት ዓባይ በረሃ ላይ ገደል ገባች ብሎ አልቅሷል አሉ። ገደል አልገባችም። ተሸንፋ ነው የመጣችው፤ እንዴት እንደ ተሸነፈች ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ታየች እባላለሁ፤ በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። መርፌና ክር እንጂ ጉዞ አልወድም። የሺመቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን፣ የግራዝማች ካሴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ግራዝማች ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያላየ የቢቸና ሰው ያለ አይመስለኝም። የጨዋታ ወዳጃቸው ካረፉ በኋላ ወንዶቹ ልጆቻቸው ከፊታቸው መቀመጥ ስለ ሰለቻቸው፣ ይቺን ትንሿን አስቀምጠው አስተማሯት። ሲያስተምሯት ቆይተው አንድ ቀን አሸነፈቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ከእሷ ጋር አንድ ጨዋታ ሳይገጥም አይወጣም።

በትምህርት ቤት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ አብሮን የቆየ የውጭ አገር መምህር የፈረንጁን ቼዝ አስተማራት። ቼዝና ሰንጠረዥ የአጎት ልጆች ናቸው፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው ይለያያል። የኛ ፈርዝ አንድ እርምጃ በሰያፍ ብላ የምትቆም ጨዋ ናት፤ የእነሱ ንግሥት ግን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ትጋልበዋለች። ትልቁ ልዩነት መክፈቻው ላይ ነው። በእነሱ አንዱ አንድ ጠጠር ያነሣል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ከዚያ ተራው ይሆናል። የኛ ሰንጠረዥ የሚጀምረው በወረራ ነው፦ ሁለቱም ተጫዋች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጅ ከእጅ እየተጋጨ፣ ሠራዊታቸውን እንደ ፈለጉ ያሰልፋሉ። ተራ የሚባል ነገር የሚመጣው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ነው። ወረራ ላይ እጁ የፈዘዘ ሰው ገና ከመነሻው ራሱን ተከቦ ያገኘዋል።

በሚያዝያ ሰበታ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጥሪ መጣልን፤ ከየአውራጃው የተውጣጡ ወጣቶች ከሱሉልታ ተነሥተው በቡራዩ በኩል እስከ ሰበታ ቼዝ ይወዳደራሉ፣ ያሸነፈ በትምህርት ቤቱ ማደሪያ አልጋ ይሰጠውና ዘጠነኛን እዚያው ይማራል ይላል። እኛ ጋ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ያበቃል። የሺመቤት ዘጠነኛ መማር ትችላለች፣ ውጤቷ ይበቃል፤ የሌላት ማደሪያ ነው። ግራዝማች ዘንድ ስንሄድ ነጭ ጋቢያቸውን እያጣፉ ሰሙንና፣ «ትምህርቱን አልከለክላትም። ልጄን ግን ሜዳ ላይ አላሳድርም። የምታድርበትን አሳዩኝ፤ ያለዚያ በጥቅምት የሚጠይቋት ሰዎች አሉ» አሉ። ሴት ልጅ ከወንድ መምህር ጋር አትላክም ስለ ተባለ፣ ዕጣው መኪና በምትፈራው በኔ ላይ ወደቀ።

ሰኞ ማለዳ ጤፍ በጫነ መኪና ጋቢና ተሳፍረን ወደ ደጀን ወጣን። ግራዝማች እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን። የሰንጠረዡን ጨርቅ፣ እኔ ራሴ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጥብጣብ እየሰፋሁ የሠራሁላቸውን፣ ከቀንድ ጠጠሮቹ ጋር ጠቅልለው ሰጧት። ከዚያ ግንባሯን ስመው፣ «ልጄ፣ እጅሽ ይፍጠን። ወረራውን ያሸነፈ ግማሹን ጦርነት አሸንፏል» አሏት። የአባት ምክር ነውና እኔም ከልቤ አሜን አልኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ሱሉልታ ላይ ነው።

ደጀን አክስቴ ቤት አድረን ማክሰኞ በአውቶቡስ ዓባይን ወረድን። ስለ ዓባይ በረሃ የሚነግራችሁ ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሎሚ ሳሸት ስለ ነበር፣ ያየሁት ነገር የለም። ድልድዩ ላይ ደረስን ሲሉ ጨፍኛለሁ፤ ወጣን ሲሉ ጨፍኛለሁ። የሺመቤት ግን በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «እትዬ፣ ዝንጀሮዎቹን አያዩም?» ትለኛለች። «አንቺ እዪልኝ» አልኳት። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት የዳቦ ቆሎ አውጥተው፣ «ባዶ ሆድ ነው የሚያገላብጥሽ» ብለው በግድ አጎረሱኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ጥብስ ለማዘዝ የሚያበቃ ሆድ ተመልሶልኛል። ጥብሱ ከኛው አይደርስም፣ ሥጋው ሲታኘክ ይከራከራል። እንጀራው ደግሞ ጠቆር ያለ ነው፤ ጤፉ ከኛ አገር የሚሄድ ከሆነ ነጩን ማን እንደሚበላው እንጃ።

ወደ ማታ ሱሉልታ ገባን። ሱሉልታ ማለት ሣር ነው፤ ከተራራው ግርጌ እስከ ተራራው ግርጌ የተነጠፈ ሣር፣ በላዩ ላይ ላሞች። ብርዱ የጮቄን ብርድ ያስታውሳል፤ የኛ ግን ደረቅ ነው፣ የእነሱ እርጥብ ሆኖ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ተወዳዳሪዎች በየመንደሩ ሰው ቤት ተደለደሉ። እኛ የደረሰን ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ወተት ነጋዴ ቤት ነው። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው፣ «ኮታ፣ ኮታ፣ ግቡ፣ በብርድ አለቃችሁ!» እያሉ ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁኝ። ልጃቸው ቶሎሳ የሺመቤትን የሚያህል ዓይነ አፋር ልጅ ነው፤ እሱም ተወዳዳሪ ነው። በሙቅ ቅቤ የታሸ ጭኮ ቀረበልን። በገብስ የሚኮሩ የኛ አገር ሴቶች ቢቀምሱት አንድ ነገር ይማሩ ነበር፤ ይህን በማለቴ እንዳትቀየሙኝ።

ረቡዕ ጠዋት ውድድሩ ተከፈተ። ዳኛው አቶ ዘውዴ የሚባሉ የሰበታ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከረባታቸው እንደ ገመድ የጠበቀ። ቆመው ሕጉን አነበቡ፦ ከተራው ውጪ ጠጠር ያነሣ ተጫዋች፣ ባላጋራው እጁን አውጥቶ ካመለከተ፣ ጨዋታው ያልቅበታል። አንድ ሽንፈት ይታለፋል፤ ሁለተኛው ከውድድሩ ያስወጣል። ተመልካች አይናገርም። ይህን የመጨረሻውን ሲሉ የመጡት ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰንጠረዥ ተቀምጦ «ፈረሱን! ፈረሱን!» ሳይሉ ማየት ለሰው ልጅ እንዴት ይቻላል?

ዕጣ ወጣና የሺመቤት ከማን ጋር ብትገጥም ጥሩ ነው፣ ከቶሎሳ ጋር። የእናቱ ጭኮ ገና ከሆዳችን አልወጣም። የሺመቤት አንድ ወታደር ገፋች። ቶሎሳም አንድ ገፋ። ከዚያ እጇን አየሁት፤ ከራሷ የተለየ ነገር መሰለ። ፈረስ ወጣ፣ ሌላው ወታደር ተከተለ፣ ሁለተኛው ፈረስ ዘለለ፤ ቶሎሳ አፉን ከፍቶ ሲያይ እሷ ሠራዊቷን አሰልፋ ልትጨርስ ነው። ወረራ! የአባቷ ምክር ከእጇ ላይ ተነሣ። ቶሎሳ ወዲያ ወዲህ ተመለከተ፤ ከዚያ እንደ ተነገረው ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። የሺመቤትም እጇን ወደ አፏ ወሰደች። አቶ ዘውዴ መጥተው ሰሌዳውን አዩ፣ «ሕግ ሕግ ነው፣ እኅቴ» አሏት፣ አለቀ።

ማታ ገበታ ላይ ቶሎሳ እንጀራውን ይቆርሳል፣ ወደ አፉ አይሄድም። ኋላ አዴ ጫልቱ ታሪኩን ከኔ ጠይቀው ሲረዱ፣ ልጃቸውን በኦሮምኛ ለረጅም ጊዜ ገሠጹት። ገባኝ አልልም፤ አንገቱን ሲደፋ ግን ትርጉም አላስፈለገኝም። የሺመቤት ጣልቃ ገባች፦ «አዴ፣ እሱ ምን አደረገ? ዳኛው የተናገሩትን ነው የፈጸመ። ያጠፋችው የኔ እጅ ናት።» አዴ ጫልቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እርጎዋን ሞሉላት።

እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ቶሎሳ ላይ አልተናደድኩም፤ ግራዝማች ላይ ተናደድኩ፣ ከሳቸው ጋር አሜን ባልኩት በራሴ ላይም። አንድ ሽንፈት ብቻ ነው የቀራት፤ ያቺ እጅ እንደገና ከተነሣች በጥቅምት ሠርግ ነው። ሲነጋ መላው መጣልኝ። ሥራዬ እጅ ማስተማር አይደለም እንዴ? ከሻንጣዬ ነጭ ጨርቅ፣ መርፌና ቀይ ክር አውጥቼ ሰጠኋት። «አንቺ ጠጠርሽን እንዳነሣሽ መርፌውን ትይዣለሽ። እሱ እስኪያነሣ ትጠልፊያለሽ። እሱ ሲያነሣ መርፌውን ታስቀምጫለሽ። መርፌ የያዘ እጅ አይወርም» አልኳት። ሳቀች፤ ከሽንፈቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐሙስ እንጦጦን ተሻግረን አዲስ አበባ ወረድን። ስለ አዲስ አበባ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ጃንጥላዬን እንደ በላችብኝ ነው። ሁለታችንን ከሻንጣችን ጋር ካንዲት ጠባብ ታክሲ ውስጥ ጠቅጥቀው ወደ ምዕራብ መውጫ አደረሱን፤ ስንወርድ ጃንጥላዬ ወንበሩ ሥር ቀረ። እያለቀስኩለት ነው ቡራዩ የገባሁት፣ ዝናቡም ይህን ያወቀ ይመስል ወዲያው ጀመረ። ቡራዩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የገፈርሳ ውኃ ተኝቷል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ይህን ነው አሉን። የሺመቤት ዳር ቆማ አየችውና፣ «ዓባይ እየሮጠ ነው፣ ይኼ ተቀምጧል» አለች። እኔም የተቀመጠውን ወደድኩት፤ ቢያንስ ዓይኔን ከፍቼ አየሁት።

ያረፍነው በቡራዩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመውልን፣ አንዲት የመምህር ሚስት ከቤቷ ትራስና ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች፤ ለእርጥቡ ነጠላዬ ምትክ የራሷን ደረበችልኝና ጠዋት አልቀበልም አለች። ውድድሩ ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ጠዋት ነበር። ሐሙስ የሺመቤት መርፌዋን ይዛ ስትቀመጥ የሚስቅ ሳቀ። አቶ ዘውዴ ጨርቁን አገላብጠው መረመሩት፣ የተደበቀ ምክር የተጠለፈበት መስሏቸው ነው መሰለኝ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባላጋራዋ ሲያስብ እሷ ትጠልፋለች፤ ሲያነሣ መርፌውን ታስቀምጣለች፣ ታያለች፣ ታነሣለች፣ መርፌዋን ታነሣለች። አሸነፈችው። ዓርብ ጠዋትም ሌላውን አሸነፈች። ጨርቁ ጠርዝ ላይ ቀይ አበባ እያበበ ሄደ። ቶሎሳ በዚያው ጠዋት ሁለተኛ ሽንፈቱ ሆኖ ወጣ፤ ወደ ሱሉልታ ከመመለሱ በፊት መጥቶ እጇን ጨበጣትና፣ «አልጋውን ውሰጂ» አላት። አቶ ዘውዴ ነጥቡን ደምረው፣ ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ በየሺመቤትና በሰበታው ጀማል መካከል ነው፣ ያሸነፈ አልጋውን ይወስዳል አሉ።

ዕጣ ፈንታችንን እዩልኝ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰበታ ስንገባ ያሳረፉን ጀማል ቤት ነው። አባቱ ሐጂ ኑሩ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፣ በጅማ መንገድ ዳር ጨርቅም ጨውም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ሰበታ ከሱሉልታ ትሞቃለች፣ ከቡራዩም ትደርቃለች፤ ከተጂ በኩል እህል ጭነው የሚመጡ አህዮች የሱቁን ደጃፍ ሞልተውት ነበር። ወደ ቢቸና ቅዳሜ ገበያ የተመለስኩ መሰለኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ ዋጋው ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ይደባልቃል። ሐጂ ከጁምዓ ገና መመለሳቸው ነው። አስቀመጡንና ወዲያው የጠየቁት ነገር አስገረመኝ፦

«መምህርት፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ግን ፋሲካችሁ ገና ሃምሳው አልወጣም፣ አይደል? ትበላላችሁ?»

«እንበላለን» አልኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። የእስላም ሥጋ አንበላም፤ ይህን እንግዳ ሆኜ በሰው ቤት እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? ሐጂ ግን ፊቴን አንብበው ጨርሰዋል። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉና ሚስታቸውን ጠሩ። እትዬ ዘሀራ ከገበያ የመጣ፣ እሳት ያላየ የሸክላ ድስት ይዘው ወጡ፤ ጠዋት እንደምንመጣ ሲሰሙ ነው የገዙት። አንድ ዶሮ በሕይወቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም ከድስቱ ጋር ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ አስቴር ተሻገረ፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። ባላቸው ባርከው አረዱት፣ ወይዘሮ አስቴር ድስቱን አሟሽተው ሠሩት፣ ወጡም ከነድስቱ ተመልሶ መጣልን። ሐጂ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ሌላ ትሪ ላይ ተቀመጡ፤ ጎን ለጎን በልተን አብረን አወራን። ዶሮ ወጡ ከኛ አገር ዶሮ ወጥ ያንሳል ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል።

ከእራት በፊት ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ሱቁ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል፣ ጀማል የየሺመቤትን ቀይ ጨርቅ አይቶ ምንድን ነው አላት። ዘረጋችለት። ወረራን አስረዳችው። ጀማል ቁጥብ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው፤ ሕይወቱን ሙሉ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ተራ የለም ሲባል ፊቱ በራ። ሁለቱ እጅ ለእጅ እየተጋጩ፣ «ቀደምኩሽ!»፣ «አልቀደምከኝም!» እየተባባሉ፣ ደንበኞች ሳይቀሩ ሚዛኑን ጥለው ከበቧቸው። ደግመው፣ ደጋግመው ወረሩ። እዚህ ተመልካች አይናገርም የሚል የለምና ሱቁ በጩኸት ተሞላ። ሐጂ፣ «ልጄ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አየሁ። መርፌውን ከሻንጣ ማውጣት ትዝም አላለኝ፤ ለጀማል መርፌ ያስፈልገዋል ብሎ ማን ያስባል?

ቅዳሜ። አዳራሹ ሞላ። ሐጂ ኑሩ ከኔ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቼዝ አያውቁም፣ ልጃቸውን ለማየት ነው የመጡት። የሺመቤት መርፌዋን ይዛለች። ጀምራ አንድ ወታደር ገፋች፣ መጥለፍ ጀመረች። ጀማል ገፋ። እሷ ፈረስ አወጣች። ጀማል ፈረሱን አወጣ፣ ከዚያ፣ እጁ ሳይቆም፣ ጎኑ ያለውን ወታደር ገፋ፣ ቀጥሎም ሌላውን። ወረራ! የትናንትናው ሱቅ በልጁ እጅ ላይ ነበር።

አቶ ዘውዴ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ለሦስተኛነት የሚጫወቱትን እያዩ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። የሺመቤት አየች። መርፌው ጨርቁ ላይ ቆመ። እጇን ብታወጣ አልቋል፤ አልጋው፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ የጥቅምቱ ሠርግ መቅረት፣ ሁሉም አንድ እጅ በማውጣት። ሕጉም ከሷ ጋር ነው፤ ሱሉልታ ላይ እሷም በዚሁ ተፈርዶባታል። እኔ በልቤ፣ «አውጪ፣ ልጄ፣ አውጪ» አልኩ። ጮክ ብዬ ብናገር በወደድኩ። ጀማል ያደረገውን አሁን ነው ያየው፤ ከንፈሩ ነጣ፣ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

የሺመቤት ጎንበስ ብላ፣ እኛም በምንሰማው ድምፅ፣ «ሁለቱን መልሳቸው። ጨርቁ ላይ አይደለንም» አለችው። ጀማል ሁለቱን ወታደሮች መለሰ። እሷ ተራዋን ተጫወተች፣ መርፌዋንም አነሣች።

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ ምን አጠፋ?» አሉ። ሕጉ ተመልካች አይናገርም ስለሚል ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ጨዋታው ረዘመ። ወደ መጨረሻው የጀማል ንግሥት አንድ ማዕዘን ላይ ተደብቃ ቆይታ ስትወጣ፣ የሺመቤት እንደ አባቷ ፈርዝ አንድ እርምጃ ሄዳ የምትቆም አድርጋ ረስታት እንደ ነበር አየሁ። መሸነፏን ዐውቃ ንጉሧን አስተኛች። እጇን ዘረጋችለት፤ ጀማል ጨበጣት፣ አላያትም።

ከአዳራሹ ወጥተን ለሐጂ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሱሉልታንም፣ አልጋውንም፣ የግራዝማችን ቃልም። ሰሙኝና ወደ አቶ ዘውዴ ተመለሱ። አልጋው ለልጅቱ ይሰጥ አሉ። አቶ ዘውዴ፣ «ሐጂ፣ የአሸናፊ አልጋ እንደ ጋቢ ለሰው አይደረብም። ጀማል አሸንፏል፣ ጀማል ይገባበታል» አሉ። ሕግ ሕግ ነው ሳይሉ ቀሩ፤ ለዚህ ብቻ አመሰግናቸዋለሁ።

ቤት ስንደርስ እኔ የሱቁ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አላፍርበትም። የሺመቤት አላለቀሰችም፤ ቁጭ ብላ የጨርቁን ጠርዝ ጨረሰች። እትዬ ዘሀራ ገቡና አጠገቤ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ድስቷን ይዘዋል። ታጥባ፣ ደርቃለች።

«ስሚኝ፣ እኅቴ» አሉኝ። «ልጄ የናንተን አልጋ ወሰደ። እንግዲህ የልጄ አልጋ ባዶ ነው። ጀማል ማደሪያ ይገባል፣ የሚመጣው በእሑድ ነው። ይቺ ድስት የሷ ናት፣ ሌላ ሰው አይሠራባትም፤ አስቴር አለች፣ ሠርታ ታቀብላታለች። በጦምሽም በፍስክሽም የምትበይው አታጪም በያት። ለአባትዬው አንቺ ንገሪልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። የሺመቤት የጠለፈችውን ጨርቅ አምጥታ ድስቷን ጠቀለለችበትና መደርደሪያው ላይ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ በላይ አስቀመጠችው።

የመልሱን መንገድ አላስረዝምባችሁም። ዓባይን ስንሻገር ዓይኔን ከፈትኩ፤ ዝንጀሮዎቹ እውነትም አሉ። ሰኞ ቢቸና ገብተን ከአቧራዬ ሳልራገፍ ግራዝማች ቤት ሄድኩ። ልጅቱ ደጅ ቀረች። ግራዝማች አስቀመጡኝና፣ «ተሸነፈች?» አሉ።

«ተሸነፈች፣ ግራዝማች።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረራውንም፣ ጀማል ሲወር እሷ እጇን አለማውጣቷንም። እዚያ ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ቀጥዬ ስለ እትዬ ዘሀራ ቃል ነገርኳቸው። «የእስላም ቤት» ሲሉ ሰማሁ፣ በዝግታ፣ ለራሳቸው።

«ድስቱ አዲስ ነበር?» አሉኝ።

«አዲስ ነው፤ እሳት አያውቅም ነበር።»

«ማን አሟሸው?»

«ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ክርስቲያን ጎረቤታቸው።»

«እናንተ ሳትጠይቁ?»

«ገና ከደጃቸው ሳንደርስ ነው የገዙት፣ ግራዝማች።»

ሰንጠረዥ ላይ ጠጠር ይዘው የት እንደሚያሳርፉት እንደሚያስቡት አሰቡ። ኋላ ሚስታቸውን ጠርተው ለሰበታዎቹ ከሚመጣው መስከረም የማር ቆረጣ አንድ ማሰሮ ለይተው እንዲያስቀምጡ አዘዙ፤ ማር ሁሉም ይበላዋል አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፦

«ለዚያ መነጽር ላደረገው ልጅ እስከዚያ ቃል የሚያደርስ ሰው ካገኘሽ ንገሪልኝ። በመስከረም ስትመጣ፣ በእሑድ እሑድ በጨርቁ ላይ እንደ ልባቸው ይውረሩ። በፈረንጁ ላይ ግን ሁለቱም ተራቸውን ይጠብቁ።»

ከደጅ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ልጅቱ ያን ሁሉ መንገድ ይዛው የመጣችውን ለቅሶ ስትለቀው ሰማን።